ፍርሃትን የማያስክድ እምነት
አምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ካለፉበት ሐዘን አንጻር

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ደጋግመው ሐዘን የተቀመጡ ከተሞች ሲሆኑ፣ የክርስትና እምነትም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎችና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩል ከነዋሪዎቻቸው የዕለት ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ሐዘኑና እምነቱ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው በሚያድሩበት በዚህ አካባቢ፣ ያለፈ ሕመም ይዞ ያልለቀቀው ሰው ፍርሃቱን በእምነቱ የሚያሸንፈው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ከመድረክ ደጋግሞ የሚሰማው መልስ አትፍራ፣ እመን፣ ያለፈውን እርሳው የሚል ነው። የክርስትናው ትውፊት በራሱ መጻሕፍት፣ በራሱ ቅዱሳንና በራሱ ሥርዓተ ሐዘን ውስጥ ያኖረው መንገድ ግን ከዚህ ረዘም ያለ ነው፤ ፍርሃቱን ሳያስክድ፣ ሕመሙን በስሙ እየጠራ፣ ሰውየውንም ብቻውን ሳይተው የሚሄድ መንገድ ነው።

ፍርሃት በተፈጥሮው የሰው ጠላት አይደለም። አደጋ ሲቀርብ ልብ በኃይል የሚመታው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግርም ለሩጫ የሚሰናዳው ነፍስን ለማትረፍ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አደጋው ካለፈ በኋላ አካልና አእምሮ ማለፉን መቀበል ሲያቅታቸው ነው። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው፤ በእባብ የደነገጠ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ልጥ ባየ ቁጥር የሚበረግገው አካሉ አንድ ጊዜ የተማረውን ትምህርት አልረሳ ስላለው ነውና በሞኝነት ሊሳቅበት አይገባም። ይህ ሁኔታ በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ የሕመም ስም ያገኘ ሲሆን፣ በአማርኛ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ሊባል ይችላል። የታማሚው እንቅልፍ በቅዠት ይቆራረጣል፤ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነብረዋል፤ ነገሩ የተፈጸመበትን ሰፈርና ነገሩን የሚያነሣ ወሬ ይሸሻል፤ ያለፈው ነገር እንደ ትዝታ ሳይሆን አሁን እየሆነ እንዳለ ሆኖ ይመጣበታል። ሽሽቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ውሎ አድሮ ግን ፍርሃቱን ያሰፋዋል፤ መጀመሪያ አንድ መንገድ የቀረበት ሰው በኋላ ገበያው፣ ቆይቶም ቤተ ክርስቲያኑ ይቀርበታል።

የአምቦ ሰው የሚፈራበት ምክንያት ከታሪክ መዝገብ የሚነበብ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም አደባባይ የወጡ ተማሪዎችና ነዋሪዎች በአምቦ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገድለዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተዳርሶ የብዙ ሰው ሕይወት ተቀጥፎበታል። የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ ከሦስት ቀን በኋላ በትውልድ ከተማው ሲቀበር፣ ግድያውን በተከተለው ሁከት በክልሉ ከመቶ በላይ የተለያየ ብሔርና እምነት ያላቸው ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም ወዲህ በዞኑ ገጠሮች የታጣቂዎችና የመንግሥት ኃይሎች ግጭት ቀጥሏል። እንግዲህ ስለ ፍርሃት በዚህ አገር የሚሰብክ ሰው የሚሰብከው ስለ ምናባዊ ጉዳይ አይደለም፤ ከፊቱ የተቀመጡት ምእመናን ልጅ የቀበሩ፣ የታሰሩ ወይም ጎረቤታቸው ሲገደል ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ የከበደው ሸክም ፍርሃታቸው ራሱ እንደ እምነት ማነስ ሲቆጠርባቸው የሚጨመርባቸው ኀፍረት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስጠት አይመችም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ድል ካደረገ በኋላ ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በበረሃ ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ ከሰማይ የመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንዲያርፍም ተወው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ መጨነቁን ለደቀ መዛሙርቱ በግልጽ ነግሮ አብረውት እንዲቆዩ ለመናቸው። በቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፈው አትፍራ የሚለው ቃልም ብዙውን ጊዜ ተከትሎት የሚመጣው አብሬህ ነኝ የሚል ተስፋ መሆኑ ሲታይ፣ ቃሉ የፈራውን ሰው ለመውቀስ ሳይሆን ብቻውን አለመሆኑን ለማስረዳት የተነገረ መሆኑ ይገባል።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው ደጋ ላይ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ይዟል። የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ታሪክ በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን በቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚነገር ስለሆነ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ በቂ ትኩረት የማይሰጠው ነገር አለ። እናትና ልጅ ወደሚንተከተክ ውኃ ሊጣሉ በቀረቡ ጊዜ፣ የውኃውን ድምፅ የሰማችው ኢየሉጣ ፈራች፤ ያጸናትም ገና የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጇ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከታሪኳ አልሰረዘችም፤ ፍርሃቷንም እንደ ክህደት አልቆጠረችባትም፤ ዛሬም ቅድስት እያለች ትጠራታለች። የኢየሉጣ ድፍረት ከውስጧ ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ አጠገቧ ከቆመ ሰው የተቀበለችው ነው። በወንጪ ዙሪያ ላሉ ምእመናን ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ሳይሆን የገዛ ደብራቸው ትምህርት ነው።

አጠገብ ከሚቆም ሰው ቀጥሎ ትውፊቱ ያኖረው ሁለተኛው መንገድ ሙሾ ነው፤ ይህም ማለት ሕመምን በእግዚአብሔር ፊት በቃል ማውጣት ማለት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ቤት መዝሙረ ዳዊት ለሰባቱ የሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍሎ ይደገማል። ይህ ሥርዓት ያለው ጥቅም ብዙ ጊዜ አይስተዋልም፤ ዳዊት ደጋሚው የሚወደውን መርጦ የሚጸልይ ሳይሆን ዕለቱ ያመጣለትን የሚጸልይ በመሆኑ፣ ደስ ባለው ቀንም ቢሆን የተከዳ፣ የተሳደደ፣ አልጋውን በእንባ ያራሰ ሰው ጩኸት በአንደበቱ ያልፋል። ያዘነው ሰው ደግሞ የራሱን ሕመም ከእርሱ በፊት በጸለዩ ሰዎች ቃል ያገኘዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ በመጨረሻው ላይ እንኳ የምስጋና ቃል የለበትም፤ ሆኖም ጸሎት ሆኖ ተቆጥሮ በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ በጥልቀት ያሳየው የአምቦ ልጅ ነው። በአምቦ አቅራቢያ የምትገኘው የቦዳ ተወላጅ የሆነው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ በፋሽስት ኢጣሊያ ጥይት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ፣ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነበር የተወለደው። ካደገ በኋላ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚል ርእስ የሰማዕቱን የመጨረሻ ሰዓት በቅኔ ሲያቀርበው፣ ሞትን የናቀ ደረቅ ጀግና አላቆመልንም፤ ቅኔው የሚጀምረው ጳጳሱ ወደ እመቤታችን በሚያሰሙት ምሬት ነው። ወቀሳቸውን የሚያሰሙት ወደሚያምኗት እናት ፊታቸውን አዙረው እንጂ ጀርባቸውን ሰጥተው አይደለም። ለአገራቸው የሚያለቅሱትና ለእምነታቸው የሚሞቱት ያው አንድ ሰው ናቸው። ጸጋዬ በዚህ ያስተዋለው ነገር ብዙ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ያላስተዋለው ነው፤ የሚያማርር ሰው ገና አልተቋረጠም፤ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገረ ነው።

የኦሮምኛ ተናጋሪው ምእመን ይህን ሙሾ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያነበው ያደረጉትም ራሳቸው ከባድ ቁስል የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ፣ በምጽዋ ነፃ የወጣ ሰው ነበር፤ አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትጓዝ በ1886 እ.ኤ.አ. ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ልጅነታቸው የተቀማ የእነዚህ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካም ውጤት ነው። አስቴር የሕዝቧን ዘፈኖችና ተረቶችም ከትዝታዋ እያወጣች መዝግባለች። ያለፈውን እርሳው ቢባሉ ኖሮ የሚጠፋው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ በባርነት ቤት ውስጥ ይዘውት የቆዩት ቋንቋም አብሮ በጠፋ ነበር።

ሐዘን በቃል ሲወጣ ሰሚ ይፈልጋል። በአምቦም ሆነ በጉደር ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ እህል አልወርድ ያለውን ሐዘንተኛ በግድም ቢሆን ያጎርሳል፤ ለቅሶ ደራሹ ብዙ ሳይናገር አብሮ ይቀመጣል፤ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ፍታት፣ ሰልስት፣ አርባና ሰማንያ እያለ ሐዘኑ በጊዜ ይመተራል። ይህ ሥርዓት ለሞተው ሰው ከሚያደርገው ባልተናነሰ ለቋሚው ያደርጋል፤ የኢዮብ ወዳጆችም ካደረጉት ነገር ሁሉ የተመሰገነው ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነው። የዚህ ሥርዓት ዋጋ ጎልቶ የታየው በተከለከለበት ጊዜ ነው። በደርግ የቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር፤ ብዙዎችም ሬሳ አላገኙም። ያልተለቀሰለት ሞት በቤት ውስጥ ለዓመታት ዝምታ ሆኖ ይኖራል፤ ልጆችም ምክንያቱን ሳያውቁ የወላጆቻቸውን ፍርሃት ይወርሳሉ።

ለዚህ የቄስ ጉዲና ቱምሳና የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሪክ ምስክር ነው። ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። የደርግ መንግሥት ደጋግሞ ካሰራቸው በኋላ ወዳጆቻቸው ወደ ታንዛንያ የሚሸሹበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም መንጋቸውን ትተው መሄድን አልተቀበሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ በታጠቁ ሰዎች ተያዙ፤ ወይዘሮ ፀሐይ በዚያው ምሽት ሲለቀቁ ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም። ከወራት በኋላ ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ታሰሩ፤ በጽኑ ተሰቃዩ፤ ክስ ሳይመሠረትባቸው ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቤት ቆዩ። ቄስ ጉዲና በተያዙበት ምሽት መገደላቸው የተረጋገጠው፣ አስክሬናቸው የተገኘውና በክብር የተቀበሩት ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው ለ13 ዓመት ያህል መቃብር የሌለው ሐዘን ተሸክመው ኖረዋል።

ወይዘሮ ፀሐይ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በእምነታቸው ጸንተው የኖሩ ሲሆን፣ የደረሰባቸውንም ሥቃይ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል፤ ታሪካቸውም በመጽሐፍ ታትሟል። በዚህ ታሪክ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርሳቸው የጸኑት እምነታቸው ጠንካራ ስለነበረ ነው ብሎ መደምደም፣ በዚያው እስር ቤት ተሰብረው የወጡትን ሰዎች እምነት የለሽ ብሎ መፍረድ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጭካኔ ነው። ከታሪኩ ሊወሰድ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ሥቃዩ በስሙ ተጠርቷል፤ ሬሳው ተፈልጎ ተገኝቷል፤ ቀብሩ በአደባባይ ተፈጽሟል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አብራ አልቅሳለች። ከእምነት ጋር እነዚህ ሁሉ አስፈልገዋል።

ይቅርታን የተመለከተው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ በችኮላ የሚበላሽ ነው። ክርስቶስ ይቅር ማለትን ያዘዘ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በደሉ ገና ሳይነገር፣ በዳዩም ሳያምን፣ ተበዳዩን ቶሎ ይቅር በል ብሎ መጫን የእምነት ሥራ ሳይሆን ነገርን የመሸፈን ሥራ ይሆናል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ወዲያው አላቀፋቸውም፤ ልባቸው መለወጡን እስኪያይ ጠበቀ፤ በመካከሉም ከእነርሱ ዘወር እያለ አለቀሰ፤ ማንነቱን የገለጠው ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን አሳልፎ ለመስጠት ከቀረበ በኋላ ነው። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ነፍስ ሲጠፋ የሚፈጸመው የጉማ ሥርዓትም በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለው፤ ሽማግሌዎች ገብተው የገዳይ ወገን ጥፋቱን ሳያምን፣ ካሣውም ሳይቆረጥ ዕርቅ አይወርድም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ንስሐ የሚጀምረው ከኑዛዜ ነው። እንግዲህ ገዳዩ ባልታወቀበት፣ እውነቱም ባልተነገረበት ሞት ያዘነች እናት ይቅርታዋ ቢዘገይ ልትወቀስ አይገባትም። ቂም ነፍሷን እንዳይበላት መጸለይ አንድ ነገር ነው፤ ፍትሕ መጠየቋን እንድትተው ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕመሙ ወደ አካልና ወደ አእምሮ ጠልቆ በገባ ጊዜ የሕክምናም እርዳታ ያስፈልጋል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሕክምና መሄድ ጠበሉን ወይም ጸሎቱን እንደ መካድ ተቆጥሮ ይፈራል። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ አስተምረዋል፤ በእንጦጦም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አባቶች ጋር ተባብረው የሠሩበት ልምድ አለ። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት የንግግር ሕክምናም ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ታማሚው በሚያምነው ሰው ፊት፣ በማይፈራበት ስፍራ፣ የሸሸውን ትዝታ ቀስ በቀስ እንዲጠጋው ይረዳል። በዮሐንስ ወንጌል ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ በካደባት ሌሊት የፍም እሳት ይሞቅ ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላ ክርስቶስ በባሕሩ ዳር ሲጠብቀው ደግሞ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ ተጠብሶበት ነበር። ኀፍረቱን ባስታወሰው በዚያው የጢስ ሽታ አጠገብ በመጀመሪያ ቁርስ አበላው፤ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሥራውንም መለሰለት። ለመንፈሳዊ አባቶችና ለወንጌላውያን መጋቢዎች ይህ ታሪክ የአሠራር መመሪያ ሊሆን ይገባል። የንስሐ አባት የሰማውን የሚጠብቅና በየጊዜው የሚጠይቅ ሰው በመሆኑ ከሐኪሙ ቀድሞ የሕመሙን ምልክት ሊያይ ይችላል፤ ምልክቱን አይቶ ወደ ሆስፒታል መላክም የአባትነቱ ክፍል ነው። በወንጌላውያን ጉባኤዎች የሚሰማው ምስክርነት ደግሞ ድል በተጠናቀቀበት ታሪክ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ገና በመንገድ ላይ ያለው ሰው አፉን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ በየቤቱ የሚደረገው አነስተኛ የጸሎት ኅብረት ያልተፈወሰውም ሰው እንዲናገር ቦታ ሊሰጥ ይገባዋል።

በስተመጨረሻ በምዕራብ ሸዋ ከሁሉ የሚከብደው ሁኔታ አደጋው ገና ያላለፈበት ነው። መንገዱ በማያስተማምንበት ሰዓት ጉዞውን የሚያዘገይ፣ ሲመሽ ልጆቹን ከቤት የማያወጣ ሰው ልጥ አይቶ የበረገገ አይደለም፤ እባቡን እያየ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ድፍረት ማለት አደጋን መካድ ሊሆን አይችልም። ሐዋርያው ጳውሎስ በደማስቆ ሊገድሉት በጠበቁት ጊዜ በቅርጫት ሆኖ ከግንብ ወርዶ አምልጧል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን፣ በወርኃ ጽጌ፣ ሕፃኗን ይዛ ከሄሮድስ ወደ ግብፅ የሸሸችውን እናት በማኅሌት ታስባለች። መሸሽን በአርባ ቀን ማኅሌት የምታከብር ቤተ ክርስቲያን የሸሸውን ሰው ፈሪ ልትለው አትችልም። ቀያቸውን በግጭት ለቀው ወደ ከተማ የገቡ ቤተሰቦች ባሉበት አጥቢያ ሁሉ፣ የሰንበቴውና የጽዋው ማኅበር፣ የወንጌላውያኑም የጸሎት ኅብረት በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ቤተሰቡ የት እንዳደረ፣ ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ፣ የሞተባቸውም ሰው ካለ ለቅሶ ተደርሶላቸው እንደሆነ ነው። ስለ እምነታቸው ጽናት የሚደረገው ንግግር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።